ሁለት ቀን የሠራው ሰው፦ ከኪሳራ በኋላ ሥራ ፍለጋና የአሠሪ የክሬዲት ምርመራ

በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ጉዳይ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ በሁለት ቀን የሥራ ሙከራ ተጀምሮ፣ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ በ11ኛው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የተቋጨ ነው። የክርክሩ ጭብጥ አጭር ነው፤ ዕዳውን በኪሳራ ሕግ አሰርዞ ነጻ የወጣን ሰው አንድ የግል አሠሪ፣ ከመክሰሩ በቀር ሌላ ምንም ምክንያት ሳይኖረው፣ «አልቀጥርህም» ሊለው ይችላልን? ብዙ ሰው፣ ሕጉ ከኪሳራ የወጣን ሰው እንደሚጠብቅ በወሬም ቢሆን ስለሚያውቅ፣ አይችልም ብሎ ይገምታል። ፍርድ ቤቱ ግን ይችላል አለ። ይህን ያለበት መንገድ ነው ጉዳዩን በዝርዝር እንዳየው ያደረገኝ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ለይቼ ካልገለጽሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ «ከሰረ» ስንል ቶሎ በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ዕቃው ያልተሸጠለት ነጋዴ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ንግድ ሕግም ስለ ኪሳራ የደነገገው ነጋዴዎችንና የንግድ ማኅበራትን አስቦ ነበር። የአሜሪካው ሕግ ግን ደመወዝተኛውንም ያቅፋል። በዋሽንግተንና በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችን «ባንክራፕሲ ፋይል አደረገ» ሲሉ የሚናገሩት፣ ብዙውን ጊዜ፣ የሆስፒታል ሂሳብና የክሬዲት ካርድ ዕዳ ስለተደራረበበት ተራ ሠራተኛ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዋናነት ሁለት መንገድ አለው። በምዕራፍ 7 ሕጉ ከሚያስቀርለት በላይ የሆነ ንብረት ካለው አስረክቦ፣ ከሌለውም እንዲሁ፣ ሊሰረዝ የሚችለው ዕዳው በጥቂት ወራት ውስጥ ይሰረዝለታል፤ በምዕራፍ 13 ደግሞ ከ3 እስከ 5 ዓመት በሚዘልቅ ዕቅድ እየከፈለ ይቆያል። የልጅ ማሳደጊያና አብዛኛው የትምህርት ብድር በየትኛውም መንገድ በቀላሉ አይለቁትም።

የጉዳዩ አነሣሥ

ከሳሹ በጃንዋሪ 2008 የምዕራፍ 7 ማመልከቻውን አስገባ፤ በሜይ ወርም ፍርድ ቤቱ ዕዳውን ሰረዘለት። ጊዜው መጥፎ ነበር። የአሜሪካ ኢኮኖሚ በዲሴምበር 2007 ማሽቆልቆል ጀምሮ፣ ሥራ ፈላጊው እየበዛ ሥራው እያነሰ የሄደበት ዓመት ነው። ሰውየው በዚያው ዓመት፣ ዕዳው ከተሰረዘ ሁለት ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በፍሎሪዳ በርካታ ምግብ ቤቶችን ከሚያስተዳድር አንድ ኩባንያ ዘንድ ለሥራ አስኪያጅነት አመለከተ። ከኩባንያው ኃላፊ ጋር ቃለ መጠይቅ አደረገ፤ ቀጥሎም «የሥራ ላይ ግምገማ» ወደተባለው ደረጃ ተሸጋገረ። ይህም አመልካቹ ለሁለት ቀን በምግብ ቤቱ ውስጥ ሥራውን እየሠራ የሚታይበት ሥርዓት ነው።

በግምገማው ማብቂያ ላይ በርከት ያሉ ወረቀቶች ቀረቡለትና ሞልቶ ፈረመ። ከመካከላቸው ደመወዝ ላይ ለሚቆረጥ ግብር የሚሞላው ቅጽ፣ በአገሪቱ ውስጥ የመሥራት መብት እንዳለው የሚያረጋግጠው ቅጽ፣ የኩባንያውን የሥራ መመሪያ መቀበሉን የሚገልጸው ወረቀት፣ እንዲሁም ኩባንያው የክሬዲት ሪፖርቱን፣ ማለትም የብድርና የዕዳ አከፋፈል ታሪኩን፣ አስወጥቶ እንዲያይ የሚፈቅደው ማረጋገጫ ይገኙበታል። ሥራ የጀመረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው እነዚህ የመጀመሪያ ቀን ወረቀቶች ናቸው። ሰውየውም ተቀጠርሁ ብሎ አመነ፤ ይሠራበት ለነበረው ድርጅትም እንደሚለቅ አስታወቀ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የደረሰው ደብዳቤ ግን ኩባንያው ቀደም ሲል ያቀረበለትን የሥራ ጥሪ ለመሰረዝ መገደዱን፣ ውሳኔውም በሙሉ ወይም በከፊል ከክሬዲት ሪፖርቱ በተገኘ መረጃ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ይነግረዋል። ደውሎ ሲጠይቅ ምክንያቱ መክሰሩ መሆኑን ተረዳ። በደብዳቤው ውስጥ «የሥራ ጥሪ» የሚለው አነጋገር በኋላ ፍርድ ቤት ሲደርሱ ከሁለቱም ወገን የተጎተተ ቃል ሆነ፤ ለከሳሹ ሥራው ተሰጥቶኝ ነበር ለማለት፣ ለኩባንያው ደግሞ ጥሪ እንጂ ቅጥር አልነበረም ለማለት የሚመች ነውና።

ሕጉ የጎደለው ቃል

የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ አንቀጽ 525 የከሰሩ ሰዎችን ከአድልዎ ለመጠበቅ የተጻፈ ነው። ምንጩ በ1971 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአሪዞና ግዛት ሕግ ላይ የሰጠው ውሳኔ ነው። የአሪዞናው ሕግ በመኪና አደጋ የተፈረደበትን ካሳ ያልከፈለ ሰው፣ ዕዳው በኪሳራ ቢሰረዝለትም እንኳ፣ መንጃ ፈቃዱ እንደታገደ እንዲቆይ ያደርግ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህ ዕዳ የተሰረዘለት ሰው አዲስ ሕይወት እንዲጀምር ከሚፈልገው የኪሳራ ሕግ ዓላማ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። ኮንግረስም በ1978 የኪሳራ ሕጉን እንደ አዲስ ሲያወጣ ሐሳቡን በአንቀጽ 525 አሰፈረ፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ክልከላው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ብቻ የሚመለከት ነበር። የግል አሠሪዎች በሕጉ የተካተቱት በ1984 በተጨመረው ሁለተኛ ንዑስ አንቀጽ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ስለ መንግሥት የሚናገረው የመጀመሪያው ንዑስ አንቀጽ ሦስት ነገር ይከለክላል፤ ሥራ መከልከልን፣ ከሥራ ማሰናበትንና በሥራ ረገድ ማዳላትን። ስለ ግል አሠሪዎች የሚናገረው ሁለተኛው ንዑስ አንቀጽ ግን ሁለቱን ብቻ ያነሣል፤ ማሰናበትንና ማዳላትን። «ሥራ መከልከል» የሚለው ቃል የለም። ኮንግረስ ስድስት ዓመት ቀድሞ የጻፈውን ንዑስ አንቀጽ ፊቱ አስቀምጦ አዲሱን ሲጽፍ፣ ከሌላው አብዛኛውን ሲወስድ፣ ይህችን ሐረግ ሳይወስድ ቀርቷል።

ከሳሹ የተከራከረው «በሥራ ረገድ ማዳላት» የሚለው አነጋገር ሰፊ በመሆኑ አለመቅጠርንም ያጠቃልላል በማለት ነው። ለተራ አንባቢ ክርክሩ የሚያሳምን ነው፤ ሁለት እኩል አመልካቾች ቀርበው አንዱ በመክሰሩ ብቻ ከተመለሰ ይህ አድልዎ ካልሆነ ምን አድልዎ ሊባል ነው? ፍርድ ቤቱ ግን ሕግ አውጪው በአንዱ ቦታ ያስገባውን ቃል በጎረቤቱ ቦታ ሲተወው አስቦበት እንደተወው ይገመታል የሚለውን የአተረጓጎም ደንብ ይዞ፣ «ማዳላት» አለመቅጠርን ያጠቃልላል ቢባል በመጀመሪያው ንዑስ አንቀጽ ውስጥ ያለው «ሥራ መከልከል» ትርፍ ቃል ሆኖ ይቀራል ሲል ክርክሩን አልተቀበለውም። ስለዚህ የግል አሠሪ የከሰረን ሠራተኛ ማባረር አይችልም፤ የከሰረን አመልካች አለመቅጠር ግን ይችላል።

በ2000 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የፌዴራል ዳኛ የተቃራኒውን ወስኖ ነበር፤ የሐረጓን መጉደል ከረቂቅ ጸሐፊ ስሕተት አድርጎ ስላየው የሕጉን ዓላማ ተከተለ። በፔንሲልቫኒያ በተነሣ ጉዳይ 3ኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2010 መጨረሻ፣ በቴክሳስ በተነሣ ጉዳይ 5ኛው በ2011 መጀመሪያ፣ ከዚያም 11ኛው በዚህ ጉዳይ፣ ሁሉም በግማሽ ዓመት ገደማ ውስጥ የኒው ዮርኩን ዳኛ ሐሳብ ሳይቀበሉት ቀሩ። እኔ እንደ አንባቢ ፍርድ ቤቶቹ ቃሉን በትክክል አንብበዋል፣ ቃሉ ግን ከሕጉ መንፈስ ጋር ተጣልቷል እላለሁ። ሥራ ያለው ሰው ከሥራው እንዳይባረር መጠበቅና ሥራ የሌለውን ሰው በር ላይ መተው፣ እርዳታውን አነስተኛ ችግር ላለበት ሰጥቶ የባሰበትን መንፈግ ነው። የዋስትናውን መስመር መሳብ ያለበት ደግሞ ኮንግረስ ነው፤ አሠሪዎች በክሬዲት ሪፖርት እንዳይጠቀሙ የሚከለክሉ ረቂቆች፣ በ2013 በሴናተር ኤልዛቤት ዋረን የቀረበውን ጨምሮ፣ በተደጋጋሚ ቀርበው ሕግ ሳይሆኑ ቀርተዋል።

ጁሪው የተጠየቀው ጥያቄ

ከሳሹ ግን ሌላም መንገድ ነበረው። የግል አሠሪ አለመቅጠር ቢፈቀድለት እንኳ ማሰናበት አይፈቀድለትም፤ እንግዲያው ሁለት ቀን ሠርቶ፣ ቅጾቹን ሞልቶ፣ መመሪያውን ተረክቦ የወጣው ሰው ሠራተኛ ሆኖ ነበር ከተባለ ደብዳቤው የስንብት ደብዳቤ ነው ማለት ነው። ይህ ጥያቄ በዳኛ ሳይሆን በጁሪ፣ ማለትም ከተራው ሕዝብ በተመረጡ ፈራጆች፣ የሚወሰን የፍሬ ነገር ጥያቄ በመሆኑ ለጁሪ ቀረበ። በከሳሹ በኩል የቀረቡት የተፈረሙት ወረቀቶችና የኃላፊው ንግግር ነበሩ። ኩባንያው ደግሞ ሁለቱ ቀናት ለሁለቱም ወገን መተያያ እንጂ ቅጥር አይደሉም፣ ቅጥሩ የሚጸናው የዳራ ማጣራቱ ሲያልቅ ነው አለ። ጁሪው ኩባንያውን አመነ፤ ሰውየው አልተቀጠረም ነበር ብሎ ወሰነ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም የሥር ፍርድ ቤቱ ስለ ሕጉ የሰጠውንም የጁሪውንም ውሳኔ አጸና።

በጉዳዩ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ያለው እዚህ ይመስለኛል። ስለ ንዑስ አንቀጹ የተደረገው ክርክር ለጠበቆች ነው፤ የጁሪው ጥያቄ ግን ለማንኛውም ሥራ ፈላጊ ነው። ሕጉ የሚከላከለው ከአንድ መስመር ወዲህ ላለ ሰው ከሆነ፣ ያ መስመር በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ወረቀት እንደሚታለፍ ማወቅ ከኪሳራ ለወጣ ሰው እንጀራው ማለት ነው። ሰውየው መስመሩን ያለፈ መስሎት ነባር ሥራውን ለመልቀቅ ቸኮለ። ተቀጥረሃል የሚለው ቃል ከኃላፊው አፍ መውጣቱ ብቻ አይበቃም ነበር፤ «የዳራ ማጣራቱ ተጠናቋል ወይ? የክሬዲት ሪፖርቱስ መጥቷል ወይ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በኢሜይል ቢያገኝ፣ ወይ ለጁሪው የሚያሳየው ወረቀት በኖረው ነበር፣ ወይ ደግሞ ሥራውን ለመልቀቅ ባልቸኮለ።

አሠሪው የሚያየው ምንድን ነው?

በዚህ ጉዳይ ላይ በወገኖቻችን ዘንድ ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። አሠሪ የክሬዲት ነጥብን፣ ያንን ሁሉም የሚጨነቅበትን ሦስት አሐዝ ቁጥር፣ አያይም፤ የሚደርሰው ለቅጥር የተዘጋጀ ሪፖርት ነው። ምርመራውም ነጥብን አይቀንስም። በሪፖርቱ ላይ ግን ኪሳራው ይታያል፤ የፌዴራሉ ሕግ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ እስከ 10 ዓመት ድረስ እንዲቆይ ይፈቅዳል፤ የምዕራፍ 13 ኪሳራን የክሬዲት ኩባንያዎቹ ብዙውን ጊዜ በ7 ዓመት ያወጡታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ ይህ የጊዜ ገደብ የዓመት ደመወዙ 75,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ሥራ የማይሠራ መሆኑ ነው።

አሠሪው ሪፖርቱን ለማየት አስቀድሞ ለብቻው በተዘጋጀ ወረቀት ማሳወቅና የአመልካቹን የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት አለበት። በሪፖርቱ ምክንያት ላለመቅጠር ሲያስብ ደግሞ ከመወሰኑ በፊት የሪፖርቱን ቅጂና የመብቶቹን ማጠቃለያ ለአመልካቹ መስጠት፣ ከወሰነም በኋላ ዳግመኛ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። የመጀመሪያው ማስታወቂያ የጨዋነት ነገር መስሎ የሚታያቸው አሉ፤ ዓላማው ግን አመልካቹ በሪፖርቱ ላይ ያለውን ስሕተት እንዲያሳይ ጊዜ መስጠት ነው። ከኪሳራ በኋላ ደግሞ ስሕተት ያጋጥማል፤ የተሰረዘ ዕዳ እንዳልተከፈለ ሆኖ ወይም ለዕዳ ሰብሳቢ እንደተላለፈ ሆኖ ሲታይ፣ ለአሠሪው ኪሳራው ብቻ ሳይሆን ዛሬም ድረስ የሚሳደድ ባለዕዳ ይቀርብለታል። ሪፖርቱን ከሚያዘጋጁት የክሬዲት ኩባንያዎች፣ ከኤክስፔሪያን፣ ከኢኪውፋክስና ከትራንስዩኒየን፣ ሪፖርትን በነጻ አስወጥቶ፣ የተሰረዙት ሂሳቦች ቀሪያቸው ዜሮ መሆኑን አይቶ፣ ስሕተት ካለ በጽሑፍ አቤት ማለት ከማመልከቻ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። ኩባንያዎቹ አቤቱታውን በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት አለባቸው።

አሠሪዎች ለምን ይህን ያህል ይፈልጉታል? አገር ቤት የሥራ ማስታወቂያ ያነበበ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ገንዘብ ያዥ ለመሆን «በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል» ይባላል፤ አሠሪው የማያውቀውን ሰው እጅ በሌላ ሰው ንብረትና ስም ያስራል። አሜሪካ ተያዥ የለም፤ የክሬዲት ሪፖርቱ በከፊል ያንን ቦታ ይዟል። ልዩነቱ ተያዥ ስለ ሰውየው ጠባይ አውቆ የሚፈርም ሰው መሆኑ፣ ሪፖርቱ ግን ሆስፒታል የገባበትን ዓመት ከቁማር ዓመት የማይለይ መሆኑ ነው። በ2010 የኦሪገን ግዛት ምክር ቤት ጉዳዩን ሲመረምር የትራንስዩኒየን ተወካይ ራሱ በክሬዲት ሪፖርትና በሥራ ውጤት ወይም በማጭበርበር መካከል ስታቲስቲካዊ ግንኙነት የሚያሳይ ጥናት እንደሌላቸው መስክሯል። ከዚህም በላይ፣ ዕዳ ሰውን ለስርቆት ይገፋል የሚለውን ብንቀበል እንኳ፣ ዕዳው የተሰረዘለት ሰው ከሌላው ይልቅ የሚገፋው ያነሰ ነው፤ በምዕራፍ 7 ለሁለተኛ ጊዜ ዕዳ ለማሰረዝ 8 ዓመት መጠበቅ ስላለበትም ተጠንቅቆ ለመኖር ምክንያት አለው። የሚፈራው ይልቅ ገና ፍርድ ቤት ያልሄደው፣ ደመወዙን ጠብቆ የሚያዳርሰው ሰው መሆን ነበረበት።

ይህ ጉዳይ ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ

የፌዴራሉ ሕግ የተወውን ክፍተት አንዳንድ ግዛቶችና ከተሞች አሠሪዎች በክሬዲት ሪፖርት እንዳይጠቀሙ በመገደብ ሞልተውታል። ዋሽንግተን ግዛት በ2007፣ ሃዋይ በ2009፣ ኦሪገን በ2010 ጀመሩ፤ ኢሊኖይ፣ ካሊፎርኒያ፣ ኮሎራዶና ሌሎችም ተከተሉ፤ የኒው ዮርክ ከተማ ሕግ በ2015 ሥራ ላይ ዋለ። ፍሎሪዳ እንዲህ ያለ ሕግ የላትም።

ለአማርኛ ተናጋሪው በቅርብ የሚነካው የዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው፤ አንድ ሰው ቤቱ አሌክሳንድሪያ፣ ሥራው ዲሲ፣ ሁለተኛ ሥራው ሲልቨር ስፕሪንግ ሊሆን ይችላልና በአንድ ሳምንት ውስጥ በሦስት ሕግ ሥር ያልፋል። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2011 ጀምሮ አሠሪዎች የክሬዲት ሪፖርትን ለቅጥር እንዳይጠቀሙ ትገድባለች። ዲሲ በ2017 ሥራ ላይ የዋለ ጠንከር ያለ ክልከላ አላት፤ ፖሊስና የደንበኞችን የገንዘብ መረጃ የሚያዩ የፋይናንስ ተቋማት ሠራተኞችን የመሳሰሉትን ለይታ ትተዋለች። ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ጠቅላላ ክልከላ የላትም። ለፌዴራል መንግሥት ሥራ ለሚያመለክት ደግሞ የአንቀጽ 525 የመጀመሪያው ንዑስ አንቀጽ ሥራ መከልከልን በግልጽ ስለሚያግድ ከግሉ ዘርፍ የተሻለ ከለላ አለው፤ የጥበቃ ፍተሻ በሚጠይቁ ቦታዎች ስለ ገንዘብ አያያዙ መጠየቁ ባይቀርም።

ይሁን እንጂ የፍሎሪዳው ሰው ከእነዚህ ሕጎች በየትኛውም ሥር ቢሆን ይሻለው ነበር ብሎ መደምደም አይቻልም። ያመለከተው ለሥራ አስኪያጅነት ነው። ሜሪላንድ፣ ኢሊኖይና ካሊፎርኒያ የሥራ አስኪያጅነት ቦታዎችን፣ እንደ ሥልጣናቸው ስፋት፣ በልዩ ሁኔታ አውጥተዋቸዋል፤ ካሊፎርኒያ በየቀኑ 10,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ የሚነካ ሠራተኛንም እንዲሁ። ስለዚህ የአስተናጋጅነትና የወጥ ቤት ሥራ የሚጠይቀው ሰው የሚያገኘው ከለላ፣ ያው ሰው ዕድገት ለማግኘት በጠየቀ ጊዜ በር ላይ ሊለየው ይችላል።

ስለ መደበቅ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም በምክር ደረጃ ሲነገር እሰማለሁ። በማመልከቻ ቅጽ ላይ ስለ ኪሳራ በቀጥታ ከተጠየቀ ሐሰት መጻፍ ትንሽ ያለውን ከለላም ያጠፋል። የግል አሠሪን የሚያግደው ሕግ ማሰናበቱ «በኪሳራው ብቻ» ምክንያት እንዲሆን ይጠይቃል፤ በውሸት የተሞላ ቅጽ ለአሠሪው ሌላ ምክንያት ያቀብለዋል። ካልተጠየቀ መለፍለፍ አያስፈልግም፤ ሪፖርት እንደሚወጣ ከታወቀ ግን የሆነውን በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ምክንያቱንና ያበቃበትን ቀን ጨምሮ፣ ሪፖርቱ ከመድረሱ በፊት ለሚቀጥረው ኃላፊ ራስ መንገር፣ ወረቀቱ ብቻውን እንዳይናገር ያደርጋል።

የከሳሹ ማመልከቻ በጃንዋሪ 2008 ስለገባ 10 ዓመቱ በጃንዋሪ 2018 ሞልቷል፤ ከዚያ ወዲህ ለአብዛኛው ሥራ በሚወጣ የክሬዲት ሪፖርት ላይ ኪሳራው መታየት የለበትም። የይግባኙ ውሳኔ ግን በራሱ ስም የሚጠራ ሆኖ በሕግ መጻሕፍትና በኢንተርኔት ላይ ይገኛል፤ ስሙን የሚፈልግ ማንኛውም አሠሪ መክሰሩን፣ መቼ እንደከሰረና ምን ሥራ እንደተከለከለበት በአንድ ገጽ ላይ ያነባል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስሙን ያልጻፍሁት ለዚህ ነው።